ልጄ «ሰርቪዚዮ ቺቪሌ ልግባ» ትለኛለች፤ ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?

ጥያቄ፦ «ጣሊያን፣ ቦሎኛ የምኖር ባዳንቴ (አረጋውያንን በቤታቸው የምንከባከብ) ነኝ። ልጄን በቤተሰብ ማገናኘት ያመጣኋት በ9 ዓመቷ ነው፤ አሁን 19 ሆናለች። ማቱሪታዋን (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን) ጨርሳ ሥራ ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ ‹ሰርቪዚዮ ቺቪሌ (የሲቪል አገልግሎት) ልግባ› አለችኝ። አብራኝ የምትሠራ ኤርትራዊት ‹አገልግሎት ከገባች አለቀላት› ብላ አስደነገጠችኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹ነፃ ጉልበት ነው› አለች። ዜግነት የለንም፣ ይቀበሏታል ወይ? ሶጆርኖዋንስ (የመኖሪያ ፈቃዷንስ) አያበላሽባትም? ዓመት ሙሉ ከምታቃጥል ባር ብትቀጠር አይሻልም?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከድንጋጤዎ ልነሳ። ያስደነገጠዎት ነገሩ ሳይሆን ቃሉ ይመስለኛል። እኛ አገር «ብሔራዊ አገልግሎት» ሲባል ዕድሜው የሚያስታውሰው ሰው ቶሎ የሚመጣበት በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ነው፤ አፈሳው፣ የቀበሌው ስም ዝርዝር፣ ልጇን የደበቀች እናት። ለባልደረባዎ ደግሞ «አገልግሎት» ማለት ሳዋ፣ የኤርትራው ወታደራዊ ማሠልጠኛ፣ ነው። አዋጁ ሲወጣ 18 ወር ተብሎ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ግን መጨረሻው ጠፋ። ስለዚህ ሴትዮዋ አልዋሸችዎትም፤ የምታውቀውን ነው የነገረችዎት። በሰሜን ጣሊያን ወጣቶችን በዚህ ጉዳይ ሳማክር 12 ዓመት ሆኖኛል፤ የእኛ ሰው ወላጅ የሚጠይቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ አሁንም «መሣሪያ ያስይዟታል?» የሚል ነው።

አያስይዟትም። እንዲያውም የጣሊያኑ ሰርቪዚዮ ቺቪሌ የተወለደው መሣሪያ አልይዝም ካሉ ልጆች ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ውትድርና ግዴታ በነበረበት ዘመን «ሕሊናዬ አይፈቅድም» ያለ ወጣት ወታደራዊ እስር ቤት ይወርድ ነበር። በ1972 የወጣው ቁጥር 772 ሕግ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ በር ከፈተ፤ በውትድርናው ፈንታ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን ቤት፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሄደው እንዲያገለግሉ። ግን በነፃ አልለቀቃቸውም፤ ከወታደሩ 8 ወር አስበልጦ ነበር። ቅጣት ነው በሉት። ያንን ተጨማሪ ጊዜ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1989 ሻረው። በ2001 ቁጥር 64 ሕግ ሲወጣ በፈቃደኝነት የሚገባበት አገልግሎት ተቋቁሞ ለሴቶችም ተከፈተ፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የግዴታ ውትድርናው ራሱ ቆመ። ዛሬ ያለው ከ18 እስከ 28 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የሚታወጅ፣ ከ8 እስከ 12 ወር የሚቆይ፣ ያመለከተ የሚወዳደርበት አገልግሎት ነው። ልጅዎን ማንም አይወስዳትም፤ እንዲያውም ለመግባት ተወዳድራ ማሸነፍ አለባት።

ዜግነት ስለሌላት ይቀበሏታል ወይ ላሉኝ፦ አዎ፣ ይቀበሏታል። ይህ በር ግን በራሱ አልተከፈተም፤ ታሪኩን ልጅዎ ብታውቀው ደስ ይለኛል። ሕጉ «የጣሊያን ዜጎች» ይል ነበር። እዚህ ያደገ አንድ ከፓኪስታን የመጣ ተማሪ በ2011 ማስታወቂያ ላይ ይህን አይቶ ሚላኖ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2012 መጀመሪያ ላይም ዳኛው አድልዎ ነው አሉ። መንግሥት ይግባኝ እያለ ክርክሩ እስከ ሰበር ወጣ፤ ከሰበር ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተመራ። በጁን 2015 የወጣው 119ኛው ፍርድ በሕጋዊ መንገድ አገሩ ላይ የሚኖርን የውጭ ዜጋ ማስቀረት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ዘጋው። የፍርዱ ሐሳብ በአጭሩ፣ ለሚኖርበት ማኅበረሰብ ማገልገል ሸክም ብቻ ሳይሆን መብትም ነው፤ ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ከዚያ መብት ሊገፋ አይገባም የሚል ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ዜግነት የሚለውን ስትሞላ አንገቷን እንዳትደፋ። ሶጆርኖዋ የጸና መሆኑ ይበቃል። ባንዶው (የማመልከቻ ጥሪው) የሚከለክለው ዓይነት የወንጀል ፍርድ የሌለባት መሆኗን ደግሞ ራሷ ፈርማ ታረጋግጣለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ነፃ ጉልበት ነው» ያለችዎት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ሙሉ በሙሉ ትክክልም አይደለችም። በ2025 ባንዶ የወሩ አበል 519 ዩሮ ከ47 ሳንቲም ነበር። ሥራው በሳምንት 25 ሰዓት ነው፤ ወይም በ12 ወር ውስጥ የሚዳረስ 1,145 ሰዓት። ለሰዓት ቢያካፍሉት 5 ዩሮ ገደማ ነው። እንደ ደመወዝ ካዩት ያሳፍራል፤ ሕጉም ደመወዝ ነው አላለም። ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅቱ ሳይሆን መንግሥት ነው፤ በቀጥታ በስሟ ባለ ኢባን ይገባል፤ የእርስዎን የባንክ ቁጥር ልስጥ ብላ እንዳትጀምር። ግብር አይቆረጥበትም። ኢንሹራንስ አላት፤ ለ12 ወር 20 ቀን ዕረፍት አላት፤ ስትታመም ደግሞ 15 ቀን ድረስ አበሏ አይነካም። ኮንትሪቡቲ (የጡረታ መዋጮ) ግን አይገባላትም። እርስዎ በየሦስት ወሩ የኢንፕስ (የጡረታ መሥሪያ ቤቱን) ወረቀት የሚያዩ ሰው ስለሆኑ ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ ያንን ዓመት ለጡረታ ማስቆጠር ከፈለገች አንድ ቀን ከኪሷ ከፍላ ነው።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር፣ ሰዓቱ የማይጋጭ ከሆነና ፕሮጀክቱ ከፈቀደ ሌላ ሥራ መሥራትም ዩኒቨርሲቲ መማርም ትችላለች። ስለዚህ «ባር ወይስ አገልግሎት» የሚለው ጥያቄ የግድ አንዱን ጣሉ አይልም። እኔ ጋ ከነበሩት መካከል ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ቅዳሜና እሁድ ፒዜሪያ የሚያስተናግዱ ነበሩ። ቤት ውስጥ የእሷ ሙሉ ደመወዝ ካልገባ ኪራይ የማይከፈል ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርዎ፦ ባሩን ታስቀድም። ኪራይ በ500 ዩሮ አይገፋም፤ ዕድሜዋም እስከ 28 ድረስ ይጠብቃታል።

የሶጆርኖው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አገልግሎቱ ሶጆርኖ አያበላሽም። አያሻሽልም ግን። በሕግ የሥራ ግንኙነት ስላልሆነ፣ «እየሠራሁ ነው» ብላ የቤተሰብ ሶጆርኖዋን ወደ ሥራ ለመቀየር የአገልግሎቱን ውል ኩዌስቱራ (ሶጆርኖ የሚሰጠው ፖሊስ ጋ) ይዛ ብትሄድ ይመልሷታል። በቤተሰብ ሶጆርኖዋ ላይ እንዳለች ታገልግል፤ ሥራ ስትይዝ ወይም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያን ጊዜ ትቀይረዋለች። የሚያስፈራው ቀኑ እንዳያልፍ ነው። ሊያልቅ ከተቃረበ አሁኑኑ ኪቱን (የማደሻ ቅጹን) ፖስታ ቤት አስገቡ፤ ሪቼቩታዋን (ደረሰኟን) ከአገልግሎቱ ማመልከቻ ጋር ታያይዛለች።

ሌላም ነገር አለ፤ ባይጠይቁኝም እናገራለሁ። በ9 ዓመቷ መጥታ 19 ከሆነች፣ ነዋሪነቷ ሳይቋረጥ 10 ዓመት ሞልቷል ወይም ሊሞላ ነው ማለት ነው። በነዋሪነት ዜግነት መጠየቂያው ጊዜ ይኸው ነው። የቋንቋውን ፈተና የጣሊያን ትምህርት ቤት ዲፕሎማዋ ይተካላታል። የሚቀረው የሦስት ዓመት ገቢ ነው። የአገልግሎቱ አበል ከግብር ነፃ ስለሆነ ለዚያ አይረዳትም፤ የሚረዳት አንድ ቤት አብራችሁ ስለምትኖሩ የእርስዎ ገቢ ነው። ታዲያ የባዳንቴ አሠሪ ቤተሰብ እንጂ ኩባንያ አይደለም፤ ግብር ቆርጦ አያስገባልዎትም። በየዓመቱ ዲኪያራሲዮኔዎን (የገቢ ግብር መግለጫዎን) ራስዎ ካላቀረቡ ገቢዎ በመንግሥት ዓይን የለም። ግማሹን ሰዓት በኔሮ (ሳያስመዘግቡ) እየከፈሉዎት ከሆነማ ልጅዎ የምትጎዳው በአገልግሎቱ ሳይሆን በዚያ ነው። ፓትሮናቶ (በወረቀት ጉዳይ የሚረዳ ቢሮ) ሄደው የሦስቱን ዓመት ወረቀት ያስወጡና ይዩት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥቅም አለ፤ ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ ግማሹ ይረሳል። ከ2023 ጀምሮ አገልግሎቱን በደንብ የጨረሰ ወጣት በመንግሥት ኮንኮርሶዎች (የቅጥር ውድድሮች) ከሚከፈተው ቦታ 15 በመቶው ተለይቶ ይጠበቅለታል። ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት)፣ ሆስፒታል፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ከአመራር ቦታ በቀር። ትልቅ ነገር ነው። ግን ኮንኮርሶ ለመቀመጥ ራሱ ተራ ሶጆርኖ አይበቃም፤ የጣሊያን ወይም የአውሮፓ ዜግነት፣ ወይም እኛ «ካርታ» የምንለው የረጅም ጊዜ ሶጆርኖ፣ ወይም ስደተኝነት ወይም ተመሳሳይ ጥበቃ ያለው መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጅዎ ካርታ ከሌላት 15 በመቶው ለጊዜው ኪሷ ውስጥ ያለ የተዘጋ ፖስታ ነው። ካርታውን ወይም ዜግነቱን ያገኘች ቀን ይከፈታል። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ይህን ሳያውቁ «ቃል የተገባልን ቀረ» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ያታለላቸው የለም፣ የነገራቸውም አልነበረም።

«ዓመቷን ታቃጥላለች» ላሉት መልሴ፣ የሚቃጠለውም የማይቃጠለውም በምትመርጠው ፕሮጀክት ነው የሚል ነው። ሰርቪዚዮ ቺቪሌ አንድ ነገር አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየባንዶው ከ50 ሺህ በላይ ቦታ ይከፈታል፤ አንዱ ልጅ ሙዚየም በር ላይ ትኬት ሲያይ ይውላል፣ ሌላው የጎርፍ አደጋ መከላከያ ካርታ ይሠራል፣ ሌላዋ ዶፖስኩዎላ (ከትምህርት በኋላ ማስጠኛ) ውስጥ የስደተኛ ልጆችን የቤት ሥራ ታሠራለች። ማመልከት የሚቻለው ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ያስገባ ሁለቱንም ያጣል። ልጆቹ በብዛት የሚሮጡት ወደ መሀል ከተማ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነው፤ ዳር ያሉ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ፕሮጀክቶች ግን አንዳንዴ ሰው አጥተው ቦታቸው ባዶ ይቀራል። ልጅዎ «እንዳንቺ ሽማግሌ አላጥብም» ካለችዎት (ብዙ የባዳንቴ ልጆች ይላሉ፣ አይቀየሟት)፣ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ ማጠብና ማንሣት አለመሆኑን ይንገሯት። ያ የሠለጠነ ሠራተኛ ሥራ ነው። እሷ አብራ ትወጣለች፣ ታነባለች፣ የሐኪም ቀጠሮ ታስይዛለች፣ ስልኩን ታስተምራለች።

በጎ ፈቃደኛ በሠራተኛ ቦታ ተተክቶ መሥራት የለበትም፤ ደንቡ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ድርጅቱ ሁሉ ያከብረዋል ግን አልልዎትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የኛ ልጅ ለልጆች ትምህርት ድጋፍ ተብላ ገብታ፣ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ወሊድ ስትወጣ ሁለት ወር ድስት አጠበች። እናቷ «ቻይው፣ ሰው አያስቀይሙም» ትላት ነበር። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው፤ የፕሮጀክቱን ወረቀት አትሜ ሰጠኋት። የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ምን እንደሆነ በዝርዝር ተጽፏል። ይዛው ሄዳ፣ ኦ.ኤል.ፒ. ለሚባለው ኃላፊዋ «ድስቱ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለችው። በሳምንቱ ከልጆቹ ጋር ነበረች። ኦ.ኤል.ፒ. ማለት ቦታው ላይ ሆኖ የሚያሠራትና የሚመራት ሰው ነው፤ ዓመቷ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑ ከድርጅቱ ስም ይልቅ በዚህ ሰው ይወሰናል። ስለዚህ ከማመልከቷ በፊት ደውላ ቀጠሮ ይዛ ሄዳ ታግኘው። ራሷ ትደውል፤ እርስዎ አይደውሉላት። ባለፈው ዓመት እዚያ የነበሩትን ልጆች ስልክ ትጠይቅ። «አንሰጥም» ካሉ ያም አንድ መልስ ነው።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ መግቢያው ስፒድ (የዲጂታል መለያ) ወይም ኤሌክትሮኒክ መታወቂያዋ ነው። ባንዶው ባለፉት ዓመታት ብዙ ጊዜ ዲሴምበር ላይ ወጥቶ ፌብሩዋሪ ላይ ተዘግቷል፤ የመዝጊያው ሰዓትም ከቀኑ 14፡00 ነው እንጂ እኩለ ሌሊት አይደለም፤ በዚህ ብቻ የቀሩ ልጆች አሉ። ስፒዱን ባንዶው ሳይወጣ ታውጣ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የኩዌስቱራ ኪት እየሞሉ የሚያስከፍሉ ሰዎች ይህንንም «በ50 ዩሮ እንሞላለን» ማለት ጀምረዋል፤ ማቱሪታ የጨረሰች ልጅ በአንድ ከሰዓት ትሞላዋለች። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀምራ መሀል ላይ ጥላ ብትወጣ ብዙውን ጊዜ ዳግም ማመልከት አትችልም። ሥራ እስኪመጣልኝ ልግባ ብላ እንዳትጀምረው።

ከዚያ ኮሎኪዮው (ቃለ መጠይቁ) ይመጣል። ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አሰጣጥ ለኮሎኪዮው 60 ነጥብ ይያዛል፤ ከ36 በታች ያገኘ ይወድቃል፣ ዲፕሎማው የፈለገውን ያህል ቢያምር። የኛ ልጆች የሚወድቁት በጣሊያንኛ አይደለም፤ ጣሊያንኛቸው ከጠያቂው እኩል ነው። የሚወድቁት ሦስት ነገር ሳያውቁ ሲገቡ ነው። ፕሮጀክቱን አላነበቡም፤ ሰርቪዚዮ ቺቪሌ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ልምድ ለማግኘት» ብቻ ይላሉ፤ ስለራሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ይሄ ሦስተኛው ከእኛ የወረሱት ነው። ትልቅ ሰው ፊት ስለራስ ማውራት ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ እዚህ ግን ወንበሩ ማዶ ያለው ሰው ያንን ዝምታ ፍላጎት ማጣት ብሎ ይመዘግበዋል። ቤት ውስጥ እርስዎ ጠያቂ ሆነው ሁለት ቀን ያለማምዷት። ጥያቄውን በአማርኛ ቢጠይቋትም ግድ የለም፣ እሷ በጣሊያንኛ ትመልስ።

አንድ ልጅ ነበር፣ ሲቪውን ሳየው እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ፈረንሳይኛ ይላል። «አማርኛስ?» አልኩት። «እሱ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ያመለከተው የስደተኞች መረጃ ጠረጴዛ ላይ ነበር! በየሳምንቱ ኢትዮጵያዊ እናቶች ወረቀት ይዘው እየመጡ የሚያስረዳ አጥተው የሚመለሱበት ቦታ። አማርኛውን አስጻፍኩት፤ ኮሎኪዮው ላይ ግማሹ ሰዓት ስለዚያ ተወራ፤ ገባ። የልጅዎን ሲቪ ዛሬ ይጠይቋትና ቋንቋ የሚለው ላይ አማርኛ እንዳለ ይመልከቱ። ከእርስዎ ጋር ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ኩዌስቱራ እየሄደች ስታስተረጉም ያደገች ከሆነ፣ እሱም ልምድ ነው፤ ይጻፍ። እርስዎ እንደ ዕዳ የሚያዩት፣ እሷም ያፈረችበት ሊሆን ይችላል፤ ኮሎኪዮው ላይ ግን ከዚህ የተሻለ የምትናገረው ታሪክ የላትም።

እንግዲህ ይፍቀዱላት ወይስ ይከልክሏት? 19 ዓመቷ ነው፤ በሕግ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልጋትም፤ የምትጠይቅዎት ምርቃትዎን ፈልጋ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ነገር እጠይቃታለሁ። «የትኛው ፕሮጀክት ነው?» እና «ኃላፊውን አግኝተሽዋል?» ለሁለቱም መልስ ካላት እሺ ይበሏት። መልሷ «ጓደኞቼ ሊገቡ ነው» ከሆነ ግን እስኪ ባሩን ሞክሪው ይበሏት፤ የሚቀጥለው ዓመት ባንዶ የትም አይሄድም።

ዛሬ ማታ ግን ሶጆርኖዋን አውጥታችሁ የሚያልቅበትን ቀን እዩት። ባንዶው እስኪዘጋ የማይደርስ ከሆነ መጀመሪያ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ስፒድ፣ ከዚያ ነው ባንዶው።